እንቅልፍ ለምን ጠፋ? ከጠፋስ በኋላ ለምን አልመለስ አለ?

"እንዴት አደራችሁ?" የሚለው ሰላምታ በጎጃም ከተሞች ከልብ የሚመለስ ጥያቄ ከሆነ ሰነባብቷል። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ብዙ ሰው ጠዋት ሲገናኝ የሚያወራው ስላሳለፈው ሌሊት ነው። "ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።" "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነቅቼ በዚያው ቀረሁ።" "እንቅልፍ እምቢ አለኝ።" ወሬው ወዲያው ወደ መፍትሔ ይዞራል። አንዱ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ግዛ ይላል። ሌላው አንድ መለኪያ አረቄ ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ጸበል ይመክራል። አራተኛው ደግሞ "አገር ሰላም ሳይሆን ምን እንቅልፍ አለ?" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

እነዚህ ምክሮች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደባልቃሉ። እንቅልፍን መጀመሪያ ያባረረው ነገር አንድ ነው። እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን የምናዝዝበት አቅም ላይኖረን ይችላል። ሁለተኛው ግን በአብዛኛው እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው ያለው።

ኢንሶምኒያ የሚባለው የትኛው ነው?

ኢንሶምኒያ ማለት ለመተኛት ጊዜም ቦታም እያለ እንቅልፍ እምቢ ሲል ነው። አንዳንዱ ሰው ጋደም ብሎ ቶሎ አይወስደውም። አንዳንዱ ቶሎ ይወስደውና መሃል ላይ እየነቃ ይገላበጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይነጋ ነቅቶ ይቀራል። ቀኑን ካላበላሸ ግን በሽታ አይባልም። ድካም፣ ብስጭት፣ የሐሳብ መበታተን አብረውት መምጣት አለባቸው። ይህ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየደረሰ 3 ወር ከሞላው ሥር የሰደደ ይባላል። በዓለም ደረጃ ከ100 አዋቂዎች ወደ 10 የሚሆኑት በዚህ ደረጃ እንደሚቸገሩ ይገመታል።

ጊዜ አጥቶ አለመተኛት ከዚህ ይለያል። ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ተረኛ ነርስ፣ የመስኖ ውኃ ተራው በሌሊት የሚደርሰው ገበሬ ኢንሶምኒያ አለባቸው አይባልም። የእነሱ ችግር እንቅልፍ መነፈግ ነው። መድኃኒቱም የሚተኙበትን ሰዓት ማግኘት ነው።

"8 ሰዓት ያልተኛ ሰው ይታመማል" የሚለውም ብዙ ሰው ያስጨንቃል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ የሚመክሩት ከ7 ሰዓት ያላነሰ ነው። ግን በእ.ኤ.አ. 2015 በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በቦሊቪያ መብራት በሌላቸው ማኅበረሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ሰዎቹ በአማካይ ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ አሳይቷል። ስለዚህ 6 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ቀኑን በደህና የሚያርስ ሰው በቁጥር ምክንያት መጨነቅ የለበትም። ጭንቀቱ ራሱ እንቅልፍ ይከለክላል።

እንቅልፍ እንዴት ይመጣል?

ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። አንዱ የእንቅልፍ ጫና ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይከማቻል። ሊጥ ኩፍ እስኪል ጊዜ እንደሚፈልግ ሁሉ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ቀን አንድ ሁለት ሰዓት የተኛ ሰው ሊጡን መሃል ላይ ደፍቶታል። ማታ እንደገና ከታች ይጀምራል።

ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ከዓይናችን ጀርባ፣ አንጎል ውስጥ 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉበት ትንሽ ቦታ አለ። መቼ መንቃት፣ መቼ መተኛት፣ ሜላቶኒን የሚባለውን የጨለማ ሆርሞን መቼ መልቀቅ እንዳለብን የሚወስነው እሱ ነው። የሰውነት ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን በእ.ኤ.አ. 2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ይህ ሰዓት በራሱ ትንሽ ያዛንፋል። በየቀኑ የሚያስተካክለው ዋናው ነገር የጠዋት ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም ዕድለኛ ነው። በባሕር ዳር የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው በተቀራራቢ ሰዓት ነው። አቆጣጠራችንም ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት "አንድ ሰዓት" እንላለን። ሰውነትም ልክ እንደዚሁ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ጠዋት የነቃንበት ሰዓት ማታ እንቅልፍ የሚመጣበትን ሰዓት ይወስናል። ብዙ ሰው ግን የሚታገለው በማታው በኩል ነው።

ተኩስ የለመደ ጆሮ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የጎጃም ከተሞች ሌሊት እንደ ድሮው አይደለም። የሰዓት እላፊ፣ የሌሊት ተኩስ፣ የመንገድ መዘጋት፣ ስልክ የማይነሳለት ዘመድ። እንዲህ ባለ ሌሊት አንጎል እንቅልፉን ሆን ብሎ ያቀለዋል። ተኝተንም ጆሮ ድምፅ መመዘኑን አያቆምም። የዝናብ ድምፅ ሲሰማ ያልፈዋል። በር ሲንኳኳ ወይም ጥይት ሲተኮስ አንጎል አድሬናሊን የሚባለውን የማንቂያ ሆርሞን ያስለቅቅና ልብ እየደለቀ ያነቃል።

ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽታ አይደለም። አደጋ ባለበት ቀላል እንቅልፍ መተኛት የተፈጥሮ ጥበቃ ነው። ሰው "አብጃለሁ እንዴ?" ብሎ መፍራት አይገባውም። ከባዱ ነገር አደጋው ረገብ ካለ በኋላም አንጎል ጥበቃውን አለመተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2019 ባወጣው ግምት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከ100 ሰው 22 የሚሆነው ከአእምሮ ጤና ችግር አንዱ አለበት። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከእነዚህ ችግሮች ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው።

አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን በሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል። አንደኛ፣ ሰውየው በተፈጥሮው ያለው ተጋላጭነት። ሁለተኛ፣ ቀስቃሹ፦ ሐዘን፣ ሥራ ማጣት፣ ተኩስ። ሦስተኛ፣ አቆይ ነገሮች። አቆይ የሚባሉት ሰውየው የጠፋውን እንቅልፍ ለማካካስ ብሎ የሚጀምራቸው ልማዶች ናቸው። ቀስቃሹ ካለፈ በኋላ ችግሩን ተሸክመው የሚቀጥሉት እነዚህ ናቸው። የእኛን አካባቢ ሁኔታ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አሳብ አላገኘሁም።

በጊዜ ጋደም ማለት የሚያመጣው ጣጣ

አንድ የደብረ ማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ቤተሰብ እናስብ። ውጭ መቆየት አይቻልም። ሁሉም ሳይመሽ ይገባል። መብራት ጠፍቷል። ብርዱም አለ። ራት ከተበላ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ጋቢውን ለብሶ ጋደም ይላል። የሚነሳው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። አልጋ ላይ የቆየው 9 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰውነቱ የሚያመርተው እንቅልፍ ግን 7 ሰዓት፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል የት ይሄዳል? በጨለማ ውስጥ ዓይንን አፍጥጦ በማሰብ ያልፋል። ያ ሰዓት ደግሞ ክፉ ሰዓት ነው። የልጅ ትምህርት፣ የኑሮ ውድነት፣ ከቤት የወጣ ዘመድ፣ ሁሉም የሚመጣው ያኔ ነው።

ይህ ሰው ታሟል ማለት አይቻልም። የተኛው የሚችለውን ያህል ነው። ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነቃ "እንቅልፍ አጣሁ" ይላል። ነገ ለማካካስ ይበልጥ በጊዜ ይተኛል። ቀን ከምሳ በኋላ ሥራ ስለቀዘቀዘ ያሸልባል። ጫናው ይቀንሳል፣ ሌሊቱ ይበልጥ ይሳሳል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንጎል አልጋን ከመገላበጥ ጋር ያያይዘዋል። ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው መኝታው ላይ ሲወጣ ዓይኑ ፍጥጥ ይላል። ብዙዎች "ለምንድን ነው?" ብለው የሚገረሙበት ነገር ይኸው ነው።

የቆሎ ተማሪን ሌሊት ማየት ይጠቅማል። በዋሸራና በጎንጅ ስሙ የገነነ የቅኔ ትምህርት ባለበት አገር ሌሊት ተነስቶ መቀጸል፣ ማኅሌት ቆሞ ማደር የኖረ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን ነቅተው ያድራሉ፤ ግን "እንቅልፍ አጣሁ" ብለው አይጨነቁም። መንቃቱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ሌሊቱን የሚያከብደው መንቃቱ ብቻ አይደለም። ካልተኛሁ ነገ ምን ይውጠኛል እያሉ ከእንቅልፍ ጋር መታገሉም ነው። እንቅልፍ ደግሞ በትግል አይመጣም።

ቡና፣ ጫት፣ አረቄ

በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚሠራው አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። ድካሙን አያጠፋውም፤ ይሸፍነዋል። በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተጠርቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ካፌይን ገና አብሮት አለ። "እኔን ቡና አይነካኝም፣ ጠጥቼም እተኛለሁ" የሚል ብዙ ነው። ሊወስደው ይችላል። እንቅልፉ ግን ይቀላል፣ ለመንቃትም ይቀርባል። የቡና ሥርዓት ለጎረቤት ትስስር ያለውን ዋጋ ማንም አይክድም፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቡናውን ከመተው ሰዓቱን ከምሳ በፊት ወይም ወዲያው ከምሳ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ጫት ከበድ ያለ ጉዳይ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት ማምረቱ እየተስፋፋ ከመጣ ቆይቷል። ሥራ የፈታ ወጣትም ቀኑን የሚገፋበት እየሆነ ነው። በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። ምርቃናው ማታ እንቅልፍ ሲከለክል ሰውየው "ጨብሲ" ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል። አልኮል ደግሞ በሌላ በኩል ይጎዳዋል። ቶሎ ያስተኛል፣ እውነት ነው። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ሰውነት አልኮሉን አቃጥሎ ሲጨርስ ግን የሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጠሳል። ሰውየው ይጠማዋል፣ ሽንት ያስነሳዋል፣ ያልበዋል። ጠዋት ደክሞት ይነሳና ለመንቃት ተመልሶ ጫት ይፈልጋል። አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ ክቡ ይዞራል። አረቄን እንደ እንቅልፍ መድኃኒት የሚመክር ሰው ከዚህ ክብ ውስጥ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ስልክ ብዙ ይወቀሳል። የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ሜላቶኒንን እንደሚያዘገይ እውነት ነው፤ ግን ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከሚወራው ያነሰ ነው። በጥናት የታየው እንቅልፍ የመውሰጃ ጊዜን በደቂቃዎች ማዘግየት ነው። የሚያሳስበው በስክሪኑ ላይ የሚመጣው ወሬ ነው። ከመኝታ በፊት የተኩስ ቪዲዮ ያየ ሰው ያየውን ይዞ ነው የሚተኛው።

ኪኒኑስ?

ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዲያዜፓም ቤንዞዲያዜፒን ከሚባለው የሚያረጋጋ የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። ለጥቂት ቀን፣ በሐኪም ክትትል፣ ቦታ አለው። ችግሩ ሳምንታት ሲቆይ ነው። ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑ መጨመር ይፈልጋል፣ ሲቆም እንቅልፍ ከበፊቱ የባሰ ይጠፋል። ሰውየው "ያለ ኪኒን መተኛት አልችልም ማለት ነው" ብሎ ይደመድማል። የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ የለመደው መድኃኒት ከሰውነቱ ሲወጣ የሚያመጣውን ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ከአረቄ ጋር ሲወሰድ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

አሚትሪፕትሊንም በብዛት ለእንቅልፍ ይሰጣል። የተሠራው ለድብርት ነው። በትንሽ መጠን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። በአረጋውያን ላይ ግን መንገዳገድና የሽንት መቋጠር ያመጣል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል። ከልጆች እጅ መራቅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2013 ባወጣው መመሪያ አስደንጋጭ ነገር ከደረሰ በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ እንቅልፍ ላጣ አዋቂ ቤንዞዲያዜፒን እንዳይሰጥ ይመክራል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በእ.ኤ.አ. 2016፣ የአውሮፓ መመሪያም በ2017 እና በ2023 ሥር ለሰደደ ኢንሶምኒያ የመጀመሪያው ሕክምና የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እንዲሆን አስቀምጠዋል። ይህ በተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ የመኝታ ልማድንና ስለ እንቅልፍ ያለንን ፍርሃት የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው። ተቃውሞውም ሚዛን የሚደፋ ነው። በወረዳ ከተማ ይህን የሠለጠነ ባለሙያ ማን ያገኛል? ሐኪሙ 60 ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው ኪኒን ቢጽፍ መፍረድ ይከብዳል። ደግነቱ የሕክምናው ዋና ዋና ክፍሎች ቤት ውስጥ ሊሞከሩ የሚችሉ ናቸው።

ዱካክና ጸበል

ብዙ ሰው ሌሊት ነቅቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል፣ መጮህ ይፈልጋል፣ ድምፁ አይወጣም። ዱካክ ነው ይባላል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻን ያጠፋል፤ ያለዚያ ሕልማችንን ተነስተን እንሠራው ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ከጡንቻው ቀድሞ ይነቃል። ሕልሙና እውኑ ይደባለቃሉ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይለቃል። እንቅልፍ ሲያጥርና ሲዛባ ይበዛል። ጫት ያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያ ቀናት ክፉ ሕልምና ዱካክ ያስቸግራቸዋል። እሱን ፈርተው ወደ ጫቱ የሚመለሱም አሉ። ጊዜያዊ መሆኑን ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል።

ጸበልና ሐኪም ቤት የግድ ተቃራኒ ናቸው ብዬ አላምንም። የማታ ጸሎት፣ ዳዊት መድገም፣ ከሰው ጋር ሆኖ ማዘን ልብን ያሳርፋል፤ ያረፈ ልብ ደግሞ ለእንቅልፍ ይቀርባል። የሚያሳስበው ጸበል ሲጀመር የታዘዘ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

"ሰላም ሳይኖር" የሚለው ክርክር

ከሁሉም ክብደት ያለው ተቃውሞ ይህ ነው። ተኩስ በሚሰማበት ቤት ስለ ቡና ሰዓት ማውራት ቀልድ ይመስላል። የተፈናቀለ ሰው በአንድ ክፍል ከ20 ሰው ጋር እያደረ "መኝታ ክፍልህን ጸጥ አድርግ" ቢባል ስድብ ነው። እውነት ነው፤ ቀስቃሹ እስካለ ሙሉ እንቅልፍ መጠበቅ አይቻልም። ግን ቀስቃሹና አቆዩ ተደማምረው ነው ሰውን የሚጥሉት። ቀስቃሹ የሚያልፍበትን ቀን እየጠበቁ አቆዩ እንዲጠነክር መተው ሰላም ሲመጣም እንቅልፍ እንዳይመጣ ያደርጋል። ተኩስ ባለበት ሌሊት እንኳ ቤተሰቡ ተራ ቢይዝ፣ አንዱ ነቅቶ ሌላው ቢተኛ፣ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ከሚያድር ይሻላል። "እሱ ነቅቷል" ብሎ ማወቅ ብቻውን የአንጎልን ጥበቃ ያረግበዋል።

በጠበበ ቤት ውስጥ

ከሁሉ በፊት ቀላሉ ይታይ። ትኋን፣ ቁንጫ፣ የጣና ዳር ትንኝ፣ ማሳከክ ካለ ከማንኛውም ምክር በፊት እነሱ ይወገዱ። ለብርድ ብሎ ከሰል ያለበት ምድጃ በተዘጋ ክፍል ይዞ መተኛት ደግሞ ገዳይ ነው።

ከዚያ ዋናው ነገር የመነሻ ሰዓት ነው። በበዓልም በሥራ ቀንም፣ ሌሊቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በአንድ ሰዓት መነሳት። ሲነሱም ወደ ውጭ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃን ማግኘት። ቀጥሎ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። አንድ ሰው በእውነት እንቅልፍ የሚወስደው ለ6 ሰዓት ያህል ከሆነና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ግማሽ ሰዓት ጨምሮ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል በፊት ጋደም አይበል። እንቅልፉ ከሞላለት፣ ማለትም አልጋ ላይ ከቆየበት ጊዜ 85 በመቶውን ከተኛ፣ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨምር። አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ግን ከ5 ሰዓት በታች ማውረድ አይገባም። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት፣ መኪና ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ግን ይህን ያለ ሐኪም አይሞክር።

እስከ 5 ሰዓት ተኩል ምን ይሠራል? በኩራዝም ቢሆን ጥጥ መፍተል፣ ምስር መልቀም፣ ገበጣ መጫወት፣ ዳዊት መድገም፣ ወግ መጨዋወት። የውጭ መመሪያዎች "እንቅልፍ ካልወሰዳችሁ ከመኝታ ክፍሉ ውጡ" ይላሉ። አንድ ክፍል ላለው ቤት ይህ አይሠራም። መተርጎም ያለበት እንዲህ ነው፦ 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ተነስቶ በርጩማ ላይ ወይም መደቡ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሶ መቀመጥ። እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ። ሰዓት አለማየት።

አንዳንድ ምልክት ግን ለቤት ምክር አይተውም። እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆምበት፣ ሁልጊዜ ሳይነጋ እየነቃ ተስፋ የሚቆርጥ፣ ሞትን የሚመኝ፣ ለቀናት ሳይተኛ ድካም የማይሰማው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት፣ በደብረ ማርቆስም ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

የመነሻና የመኝታ ሰዓትን ማስተካከል ሲጀመር የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ቀን ላይ ዓይን ይከብዳል፣ ቁጣ ይቀርባል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ለቤት ሰው መንገር ያስፈልጋል። ያለዚያ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እናት ወይም ሚስት ፊቱን አይታ፣ ከልቧ አዝና፣ "እስቲ ትንሽ ጋደም በል" ትለዋለች።